ከፖቶማክ ወዲህ የተገዛች ያገለገለች መኪና፦ በሞንጎመሪ ካውንቲ የሚገኝ አንድ መኪና ሻጭ ግምገማ

ይህ ግምገማ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ በሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ያገለገሉ መኪናዎችን ስለሚሸጥ አንድ መካከለኛ ድርጅት ነው። ስሙን መጥቀስ አላስፈለገኝም፤ በአገልግሎቱ ውስጥ ካገኘሁት ጥሩ ነገር አብዛኛው ከባለቤቱ ደግነት የመጣ ሳይሆን የግዛቱ ሕግ ግድ ያለው ስለሆነ፣ ፈቃድ ያለው ጎረቤቱም ያንኑ የመፈጸም ግዴታ አለበት። የድርጅቱ ድርሻ ሕጉን ሳያድበሰብስ ሥራ ላይ ማዋሉ ነው፤ በዚህ ንግድ ውስጥ ደግሞ ያ ቀላል ነገር አይደለም። ዕድሜያቸው ገና ለሆኑት መኪናዎቹ ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን ኮከብ ያሳጣው የገንዘብ ክፍሉ ነው።

ግቢው በትልቅ መንገድ ዳር ያለ፣ ስልሳ ያህል መኪና የሚይዝ አስፋልት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኔ የገባው በእያንዳንዱ መኪና የጎን መስታወት ላይ የተለጠፈው ባየርስ ጋይድ (የገዢ መመሪያ) የሚባለው ወረቀት ነበር። ይህን ወረቀት የሚያስገድደው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ በ12 ወር ውስጥ ከአምስት በላይ ያገለገሉ መኪናዎችን የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ መኪናውን ለገዢ ከማቅረቡ በፊት እንዲለጥፈው ያዛል። በሌሎች ግቢዎች ወረቀቱ ከወንበር ሥር ተጥሎ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይኖር አይቻለሁ። እዚህ ግን ገዢው ወደ ቢሮ ሳይገባ፣ ማንም ሳይከተለው፣ እየተዘዋወረ የሁሉንም ዋጋና የዋስትና ሁኔታ ማንበብ ይችላል። ዝናብ ያሻገተው ወይም ፀሐይ ያደበዘዘው አንድም ወረቀት አላየሁም፤ ይህም ወረቀቱን የሚከታተል ሰው እንዳለ ያሳያል።

የወረቀቱ ቁም ነገር ከላይ በኩል ያሉት ሳጥኖች ናቸው። አንደኛው ሳጥን አዝ ኢዝ የሚለው ሲሆን፣ ከሽያጩ በኋላ ለሚያስፈልግ ጥገና ሁሉ ሻጩ አልጠየቅም ማለቱ ነው። ሌላው ኢምፕላይድ ዋራንቲስ ኦንሊ የሚል ነው፤ ሻጩ በጽሑፍ የሰጠው የራሱ ዋስትና ባይኖርም፣ ሕጉ ለገዢ የሚሰጠው ዋስትና ግን እንደጸና ይቆያል። አዝ ኢዝ ብሎ መሸጥን የሚከለክሉ ወይም የሚገድቡ ግዛቶች ጥቂት ናቸው፤ ሜሪላንድ ከእነዚህ አንዷ ናት። በሜሪላንድ ሕግ ፈቃድ ያለው ሻጭ መኪናን አዝ ኢዝ ብሎ መሸጥ የሚችለው መኪናው ከ6 ዓመት በላይ ዕድሜ ሲኖረውና ከ60,000 ማይል በላይ ሲሄድ ነው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ አይበቃም። እኔ የገዛኋት ሴዳን የ2021 ሥሪት ስትሆን 71,000 ማይል ሄዳለች። በማይሏ ብቻ ቢፈረድባት ከጥበቃው ውጭ ትሆን ነበር፤ ዕድሜዋ ግን ስላልደረሰ ሻጩ የሕጉን ዋስትና ሊነፍጋት አይችልም፤ በመስታወቷ ላይ ምልክት የተደረገበትም ሁለተኛው ሳጥን ነበር።

ያስተናገደኝ ሻጭ ሐበሻ ነው፤ ጨዋና ትሑት ወጣት። መኪናዋን አስነስቶ፣ ኮፈኗን ከፍቶ ካሳየኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ያገለገለ መኪና ስለሆነ ከዚህ ግቢ ከወጣች በኋላ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው። ግን አይስጉ፣ መኪናዋ ንጹሕ ናት» አለኝ። ወደ መስታወቱ ጠጋ ብዬ ምልክት ያለበትን ሳጥን በጣቴ አመለከትኩትና፣ «ታዲያ ይሄ ምን ሊሆን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጎንበስ ብሎ አነበበው። «እሱማ ልክ ነዎት፤ እኔ ለሁሉም እንደዛ ነው የምለው፤ በፊት ቨርጂኒያ ነበር የምሠራው» አለ። ሊያታልለኝ ፈልጎ ነበር ብዬ አላስብም። ነገር ግን የሱን ቃል አምኖ የገዛ ሰው መኪናው ሲበላሽ መብት እንደሌለው አስቦ ከኪሱ ከፍሎ ያሳድሳል፤ ሕጉ በወረቀት ላይ ቢኖርም ለዚያ ሰው እንደሌለ ይሆናል። ባየርስ ጋይዱ የሽያጭ ውሉ አካል እንደሚሆን፣ ውሉ ከሱ ጋር የሚጋጭ ነገር ቢይዝ እንኳ የሚጸናው ባየርስ ጋይዱ እንደሆነ ደንቡ ይደነግጋል። በአፍ የተሰጠ ቃል ለማስፈጸም አስቸጋሪ እንደሆነና ሁሉንም በጽሑፍ ማስፈር እንደሚገባም እዚያው ላይ ታትሟል። ድርጅቱ ሠራተኞቹን በራሱ መስታወት ላይ የለጠፈውን ወረቀት ቢያስተምር ጥሩ ነው።

ሕጉ የሚሰጠው ዋስትና ሁሉን ይሸከማል ብሎ መጠበቅም ስሕተት ነው። መኪናዋ ከዕድሜዋ፣ ከሄደችው ማይልና ከተከፈለባት ዋጋ አንጻር መኪና ለሚገዛበት ተራ አገልግሎት ብቁ መሆን አለባት፤ ከዚያ በላይ አይደለም። ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ የተበላ ጎማ፣ የደከመ ባትሪ በአገልግሎት የሚያልቁ ነገሮች ናቸውና ለእነሱ ሻጩን መያዝ አይቻልም። ችግሩ በሽያጩ ጊዜ የነበረ መሆኑንም ማሳየት ያስፈልጋል። በእኛ ሰፈር «ሌመን ሎው (ብልሽት ያለበት መኪና የገዛን ሰው የሚጠብቀው ሕግ) አለልህ» የሚባለው ምክር ለዚህ ጉዳይ አይሠራም፤ የሜሪላንድ ሌመን ሎው የሚመለከተው አዲስ መኪናን ሲሆን፣ የሚሸፍነውም የመጀመሪያዎቹን 24 ወራት ወይም 18,000 ማይል ነው። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ የሦስት ቀኑ የፌዴራል ደንብ ሻጭ ቤት ድረስ መጥቶ ወይም በጊዜያዊ ቦታ ለሚሸጠው ዕቃ እንጂ ገዢው በእግሩ ሄዶ ከመኪና ሻጭ ግቢ ለገዛው አይደለም። እዚህ ድርጅት ውስጥ የመመለሻ ቀን የሚባል ነገር የለም፤ ሲጠየቁም የለም ብለው በግልጽ ይናገራሉ።

ተመሳሳይ መኪና ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ 1,300 ዶላር በሚያህል ቅናሽ አይቼ ነበር። ሥሪቱም ማይሉም ተቀራራቢ፣ ቀለሙም ያው። መስታወቱ ላይ ያለው ምልክት ግን አዝ ኢዝ ነው፤ ቨርጂኒያ ይህን ትፈቅዳለች፤ ገዢው መኪናውን ከነጉድለቱ መቀበሉን በግዢ ትእዛዙ ላይ ተለይቶ በተጻፈ ቃል ሥር እንዲፈርም ብቻ ነው የምትጠይቀው። ለወረቀት ማስፈጸሚያ የሚጠይቁት ክፍያም ከ900 ዶላር በላይ ነበር፤ ቨርጂኒያ ክፍያው በግልጽ እንዲነገር ታዛለች እንጂ ጣሪያ አላበጀችለትም። በዚያ ላይ የቨርጂኒያ ኢንስፔክሽን በሜሪላንድ ተቀባይነት ስለሌለው፣ ታርጋ ለማውጣት መኪናውን እዚህ አምጥቶ እንደገና ማስመርመር፣ ፍሬኑ ወይም መሪው የሚጠይቀው ነገር ካለ በራስ ገንዘብ ማሠራት ይከተላል። ሒሳቡን ሳሰላው የዋጋው ልዩነት ከግማሽ በታች ወረደ፤ ለቀረው ገንዘብ ደግሞ ዋስትናውን አልሸጥም ብዬ ወዲህ ቀረሁ።

ቨርጂኒያን ግን በሁሉም ነገር ዝቅ ማድረግ ተገቢ አይደለም። የመንገድ ደኅንነትን ካነሣን፣ ቨርጂኒያ እያንዳንዱን መኪና በየዓመቱ ታስመረምራለች፤ ሜሪላንድ ግን ያገለገለ መኪና ባለቤት ሲቀይር ብቻ ነው የምታስገድደው። ዋሽንግተን ዲሲ ይባስ ብላ የግል መኪናዎችን የደኅንነት ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2009 አቁማለች፤ አሁን የምትመረምረው ጭሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ በዲሲ ታርጋ የኖረ መኪና ፍሬኑንና የታችኛውን ክፍሉን መንግሥት የላከው ዓይን ሳያየው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። የመኪና ታሪክ ሪፖርት ሲያወጡ አደጋ ደርሶበት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት ተመዝግቦ እንደኖረ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የሜሪላንድ ምርመራ በግዛቱ ፖሊስ ፈቃድና ቁጥጥር ሥር ባሉ ጣቢያዎች የሚደረግ ሲሆን፣ የምስክር ወረቀቱ ለ90 ቀናት ያገለግላል። ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ፣ መብራት፣ መስታወትና የመሳሰሉት ይታያሉ። ይህ ድርጅት የምርመራ ወረቀቱን ሳልጠይቅ አሳይቶኛል፤ የፍሬን ሸራው ውፍረትና የእያንዳንዱ ጎማ ጥልቀት በቁጥር ተጽፎበታል። ሆኖም ገዢዎች ከዚህ ወረቀት የሌለበትን ነገር እንዳይጠብቁ እመክራለሁ። ምርመራው መኪናው መንገድ ላይ ሰው እንዳይጎዳ የተበጀ እንጂ ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ስንት ዓመት ይቆያል የሚለውን ለመመለስ አይደለም፤ ሻጩ ራሱ ፈቃድ ያለው የምርመራ ጋራዥ ሊኖረው እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። ለራሴ መካኒክ ማሳየት እፈልጋለሁ ስል ያለ አንዳች ማንገራገር፣ የመንጃ ፈቃዴን ቅጂ ብቻ ይዘው ቁልፉን ሰጡኝ። ይህን የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ውይይቱ እዚያው ቢቆም ይሻላል።

ድርጅቱ በዝምታ ያለፈው አንድ የደኅንነት ጉዳይ የሪኮል፣ ማለትም አምራቹ ጉድለት ያገኘበትን መኪና ለጥገና መልሶ የመጥራቱ ነገር ነው። መኪናዋ ያልተሠራ ሪኮል ነበራት፤ ያወቅሁትም እኔ ራሴ 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥሯን በብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ አስገብቼ ነው። አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ ጥገናውም በአምራቹ ወኪል ጋራዥ ያለ ክፍያ ይሠራል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ የፌዴራሉ ሕግ መኪና አከራይ ድርጅቶች ሪኮል ያለበትን መኪና ሳያሠሩ እንዳያከራዩ ሲከለክል፣ ያገለገለ መኪና ሻጮች ግን ያንኑ መኪና እንዳይሸጡ አይከለክልም። ጉድለት የተገኘባቸው የታካታ ኩባንያ የአየር ከረጢቶች ጉዳይ በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ ማንፊያዎችን ካስጠራ በኋላ እንኳ ይህ ክፍተት አለመደፈኑ ይገርማል። ድርጅቱ ሕግ አልጣሰም። ነገር ግን የፍሬን ሸራ ውፍረት በቁጥር የሚጽፍ ሻጭ የሁለት ደቂቃ ፍለጋ አድርጎ ለገዢው ቢነግር ምን ይጎድልበታል?

ወደ ገንዘብ ክፍሉ እንምጣ። ከግቢው ግልጽነት በኋላ ይህች ጠባብ ክፍል የሌላ ድርጅት ትመስላለች። የገንዘብ ባለሙያው ጠቅላላ ዋጋውን ከመናገሩ በፊት «በወር ስንት ይመችዎታል?» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያም ስክሪኑን ወደ እኔ ሲያዞር የሚታየው ወርኃዊ ክፍያ ብቻ ነበር። ዝርዝሩ ታትሞ እንዲሰጠኝ ስጠይቅ፣ 2,800 ዶላር የሚያወጣ የጥገና ኮንትራት ሳልጠየቅ ገብቶበት አገኘሁት። ይህ ኮንትራት ዋስትና አይደለም፤ ለብቻው የሚሸጥ ውል ነው፤ በብድሩ ውስጥ ሲካተት ደግሞ ለዓመታት ወለድ ይከፈልበታል። አውጡት ስል ወዲያው ወጣ። የወለድ መጠኑንም ከክሬዲት ዩኒየን ይዤ ከሄድሁት የብድር ፈቃድ ጋር ሳስተያየው የእነሱ በአንድ ከመቶ ተኩል ይበልጥ ነበር፤ ሻጮች አበዳሪው በሰጣቸው መጠን ላይ የራሳቸውን ትርፍ መጨመራቸው የተለመደ አሠራር ነው። የራሴን ብድር እንደምጠቀም ሳሳውቅ ግን ተቃውሞ አልገጠመኝም።

የወረቀት ማስፈጸሚያው ክፍያ 799 ዶላር ነው። የሜሪላንድ ሕግ ለዚህ ክፍያ ጣሪያ ያስቀመጠ ሲሆን፣ ቀድሞ 500 ዶላር የነበረው እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ 800 ሆኗል፤ ሻጩም በሕግ የሚጠየቅ ክፍያ አለመሆኑን በውሉ ላይ መጻፍ ይጠበቅበታል። እዚህም ተጽፏል፤ ነገር ግን ባለሙያው መስመሩን በብዕሩ እየነካ «ይሄ ሁሉም ሰው የሚከፍለው ነው» ብሎ ከታክሱና ከታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ክፍያ ጋር ደባልቆ አለፈው። ለኤምቪኤ (ለግዛቱ የተሽከርካሪ አስተዳደር) የሚገባው ገንዘብና ለድርጅቱ ኪስ የሚገባው ገንዘብ በአንድ ትንፋሽ ሲነገሩ ሁለቱም የመንግሥት ይመስላሉ። ክፍያውን አልቀነሱልኝም፤ በምትኩ ከመኪናዋ ዋጋ ላይ 400 ዶላር አነሡልኝ፤ ለእኔ ያው ነው።

ብድሩን በሻጩ በኩል ለሚወስዱ አንድ ነገር ልጨምር። ብድሩ ገና ሳይጸድቅ መኪናውን ይዞ መሄድ በዚህ አካባቢ የተለመደ ነው፤ ከሳምንታት በኋላ «ባንኩ አልተቀበለውም፤ ቅድመ ክፍያ ጨምሩ» የሚል ስልክ የሚመጣባቸው ሰዎች አሉ። በሜሪላንድ ሕግ ሻጩ ብድሩ በተስማሙበት ሁኔታ አለመጽደቁን መኪናው ከተሰጠ በ4 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ይህ ድርጅት ይህን የሚገልጸውን ወረቀት ለብቻው ያስፈርማል፤ ያስመሰግነዋል።

ሕጉ በእርግጥ የሚሠራ መሆኑን ያየሁት መኪናዋን ከወሰድሁ ከሳምንታት በኋላ ነው። የኩላንቱ (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹ) መጠን ቀስ እያለ ይጎድል ጀመር። ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ ያለ መካኒክ የታችኛውን ሽፋን ፈትቶ የእጅ ባትሪውን ሲያበራ፣ በውሃ ፓምፑ ወገብ ላይ እንደ ጨው የደረቀ ሮዝማ ዱካ ወደ ታች ወርዶ፣ በላዩም አቧራና ዘይት ተጋግሮበት አሳየኝ። «ይሄ የዛሬ አይደለም፤ ከርሟል» አለ፤ ያንኑም በጥገና ግምቱ ላይ ጻፈልኝ፤ ግምቱ ወደ 700 ዶላር ይጠጋ ነበር። ፎቶግራፉን፣ የመካኒኩን ወረቀትና የባየርስ ጋይዱን ቅጂ አያይዤ ለድርጅቱ በጽሑፍ አመለከትሁ። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ በመጀመሪያ የፋብሪካው ዋስትና በ60,000 ማይል ማብቃቱን ነገረኝ፤ እኔም የምጠይቀው የፋብሪካውን ሳይሆን የሕጉን ዋስትና መሆኑን ገለጽሁለት። ሥራ አስኪያጁን አነጋግሮ ተመለሰና መኪናዋን እንዳመጣ ነገረኝ፤ ፓምፑን በአዲስ ቀየሩት፤ ለዕቃውም ለእጅ ዋጋውም አልከፈልሁም። ተለዋጭ መኪና ግን አልሰጡኝም፤ በጥገናው ላይ ያለኝ ቅሬታ ይህ ብቻ ነው።

እምቢ ቢሉ ኖሮ የሚኬድበት መንገድ ረጅም አይደለም። የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ያለ ክፍያ ያሸማግላል፤ ሮክቪል ያለው የሞንጎመሪ ካውንቲ የሸማቾች ጥበቃ ጽሕፈት ቤትም አቤቱታ ይቀበላል፤ እስከ 5,000 ዶላር ላለ ጥያቄ ደግሞ በዲስትሪክት ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ መቅረብ ይቻላል። ሥራ አስኪያጁ እነዚህን በሮች ከእኔ አሳምሮ እንደሚያውቃቸው አልጠራጠርም።

ቋንቋን በተመለከተ ድርጅቱ ሊያሻሽለው የሚገባ ነገር አለ። ደንቡ ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ ባየርስ ጋይዱም በስፓኒሽ እንዲቀርብ ያስገድዳል፤ ለአማርኛ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። እዚህ ግቢ ውስጥ ክርክሩ፣ ማግባባቱና ተስፋ መስጠቱ ሁሉ በአማርኛ ተደርጎ ፊርማው በእንግሊዝኛ ያልቃል። አባትና እናታቸውን ይዘው የሚመጡ ልጆች ያስተረጉማሉ፤ ብቻውን የሚመጣ አዛውንት ግን የሻጩን ቃል ብቻ ይዞ ይወጣል። ድርጅቱ ሐበሻ ገዢ በብዛት እንደሚመጣለት አውቆ አማርኛ ተናጋሪ ሻጭ ቀጥሯል፤ የአንድ ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ ማሳተም ከዚያ ያነሰ ወጪ ነው።

አራቱ ኮከቦች በግቢው የፊት መደዳዎች ለቆሙት ናቸው። ከኋላ፣ በአጥሩ ሥር፣ ከስድስት ዓመት በላይ ያስቆጠሩና መቶ ሺህ ማይል ያለፉ መኪናዎች ተደርድረዋል፤ ለኡበርና ለማድረሻ ሥራ የሚፈልጓቸው ወጣቶች በብዛት የሚያዩት እነዚህን ነው። በእነሱ መስታወት ላይ ያለው ምልክት አዝ ኢዝ ነው፤ የግዛቱ ሕግም እነሱ ጋ ሲደርስ እጁን ይሰበስባል። ድርጅቱ ግን ዋጋቸውን የሚተምነው ከፊት ካሉት ጋር በሚመሳሰል ትርፍ ነው። ለእነዚያ መኪናዎች ወዲህ መግዛት የሚያስገኘው ብልጫ የሜሪላንድ የምርመራ ወረቀትና ጣሪያ ያለው የወረቀት ክፍያ ብቻ ስለሆነ፣ ከኋላው መደዳ ለመግዛት ያሰበ ሰው ቨርጂኒያንም ተሻግሮ ዋጋ ቢጠይቅ አልቃወመውም፤ የራሱን መካኒክ ይዞ ከሄደ።